የዲበገሩ መስኮት ይጠገን ወይስ ይዘጋ?

መሣሪያ መሥራትና የተሠራውን መሣሪያ ጠግኖ ማኖር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መሥራቱ የምረቃ ቀን አለው፤ ምስጋናም አለው። መጠገኑ ግን ማንም ሳያየው የሚፈጸም፣ በቀረ ጊዜ ብቻ የሚታወቅ ድካም ነው። ይህ ነገር በወፍጮ ቤትም በጋራዥም ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ዘንድ ግን ገና በሚገባ አልተጤነም። ፕሮግራም ብረት ስላልሆነ አይዝግም፤ ጎማ ስላልሆነ አያልቅም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በትክክል ከተሠራ ለዘለዓለም ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል።

ይህ አሳብ ትክክል አለመሆኑን በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ሜየር ሌማን ከ1974 ዓመት ጀምሮ በደነገጓቸው ሕጎች ገልጸዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያው ሕግ በአጭሩ፣ በሥራ ላይ የዋለ ፕሮግራም ሳያቋርጥ ከአካባቢው ጋር ካልተስማማ ጠቃሚነቱ እየቀነሰ ይሄዳል የሚል ነው። ፕሮግራሙ ራሱ አንዲት ፊደል ባይለወጥም፣ የሚሠራበት መኪና ይለወጣል፤ መኪናውን የሚያስተዳድረው ሥርዐት ይለወጣል፤ አብረውት የሚሠሩት ሌሎች ፕሮግራሞችም ይለወጣሉ። ቤቱ ባለበት ቆሞ ሳለ መንገዱ ከፍ ቢል፣ የቤቱ ደጃፍ ጎርፍ መግቢያ እንደሚሆን ያለ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የተነሣ ለብዙ ድርጅቶች የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ያረጀ ነገር ግን ገና የሚያገለግል ፕሮግራም፣ ተጠቃሚዎቹ እያነሱ፣ የጥገናው ድካም ግን እየበዛ ሲሄድ፣ ጥገናው ይቀጥል ወይስ ይቁም? ለዚህ ጥያቄ ዲዲዲ የተባለው የዲበገር መስኮት ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ምሳሌው ከጀርመን አገርና ከዩኒክስ ኮምፒዩተሮች ዓለም የመጣ ቢሆንም፣ የያዘው የወጪና የጥቅም ሚዛን በየትኛውም አገር ያለ ነጋዴ የሚያውቀው ነው።

አስቀድሞ ዲበገር ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ፕሮግራም ጸሐፊ የሠራው ሥራ በተበላሸበት ጊዜ ስሕተቱን የሚፈልገው በዲበገር ነው። ይህ መሣሪያ የሚሮጠውን ፕሮግራም በተፈለገው መስመር ላይ ያቆመዋል፤ ከዚያም አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ እያስኬደ፣ በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ውስጥ በዚያች ደቂቃ ምን እንዳለ ያሳያል። ለሒሳብ ሠራተኛ በሚገባ አነጋገር፣ የዓመቱ ሚዛን እምቢ ባለ ጊዜ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ መስመር በመስመር እንደ መመርመር ማለት ነው። ስሕተቱ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ምንም ያህል ብልህ ቢሆን ሊያቀናው አይችልም።

ከነዚህ መሣሪያዎች እጅግ የታወቀው ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 ለግኑ ፕሮጀክት የጻፉት ጂዲቢ ነው። ጂዲቢ ትእዛዝ የሚቀበለው በጽሑፍ ነው፤ መልስ የሚሰጠውም በጽሑፍ ነው። ለለመደው ሰው ፈጣንና ታማኝ ነው፤ ለጀማሪው ግን ዕቃዎቹ የት እንዳሉ በማያውቀው ጨለማ ክፍል ውስጥ በመዳሰስ እንደ መሄድ ይሆንበታል። ስለዚህ ከጂዲቢ ፊት ለፊት ባለ ሥዕል መስኮት ይደረግለታል። መስኮቱ ራሱ ስሕተት ፈላጊ አይደለም፤ አስተርጓሚ ነው። የተጠቃሚውን የማውስ ጠቅታ ወደ ጽሑፍ ትእዛዝ ለውጦ ለጂዲቢ ያቀብላል፤ የተመለሰለትን ጽሑፍም ወደ ሥዕል ለውጦ ለተጠቃሚው ያሳያል።

ዲዲዲ እንደዚህ ካሉት አስተርጓሚዎች አንዱ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በብራውንሽቫይክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ አንድሬያስ ጼለርና ዶሮቴያ ሉትኬሃውስ ሠሩት፤ በ1996ም ስለ ሥራው የጻፉት ጥናት ታተመ፤ በኋላም ከግኑ ፕሮግራሞች አንዱ ሆነ። ከሌሎቹ የሚለየው ግን አዝራሮቹና ዝርዝሮቹ አይደሉም፤ መረጃን በሥዕል ማሳየቱ ነው። አንዱ መዝገብ የሚቀጥለውን መዝገብ አድራሻ የያዘ እንደ ሆነ፣ ዲዲዲ እያንዳንዱን በሣጥን ሥሎ በቀስት ያገናኛቸዋል። ተጠቃሚው ሁለት ጊዜ ጠቅ ባደረገ ቁጥር ሰንሰለቱ ወደ ፊት ይዘረጋል። ከሰንሰለቱ ቀለበቶች አንዱ ወደ ኋላ ዞሮ የተሳሳተውን ሣጥን ቢነካ፣ ወይም መሐል ላይ ቢበጠስ፣ ስሕተቱ ወዲያውኑ በዓይን ይታያል። የቁጥሮች ሰንጠረዥ የሆነ እንደ ሆነም፣ ግኑፕሎት በተባለው ፕሮግራም አማካይነት በመስመር ይሣላል። ይኸው ሰንሰለት በጽሑፍ ብቻ ቢቀርብ፣ መርማሪው ረጃጅም የአድራሻ ቁጥሮችን በወረቀት እየገለበጠ ሥዕሉን በገዛ እጁ ለመሣል ይገደዳል።

እንደዚህ ያለ ጠቃሚ ነገር ስለ ምን ችግር ላይ ወደቀ? ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ መስኮቱ የተሠራበት ዕቃ ዘመን ማለፉ ነው። ሞቲፍ የተባለው የመስኮት መሥሪያ ዕቃ በ1990ዎቹ በዩኒክስ መኪናዎች ላይ የተከበረ ነበር። ነገር ግን ፈቃዱ በገንዘብ የሚገዛ ስለ ነበረ፣ ነጻ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ሌስቲፍ የሚባል ምትክ ለመሥራት ተገደዱ። ሞቲፍ ራሱ በ2012 በነጻ ፈቃድ በተለቀቀ ጊዜ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አብዛኛዎቹ ወደ ሌሎች ዕቃዎች ከተሻገሩ ቆይተው ነበር። ዛሬ ደግሞ ሞቲፍ የቆመበት የኤክስ መስኮት ሥርዐት ስፍራውን ለዌይላንድ እየለቀቀ ስለ ሆነ፣ የድሮዎቹ ፕሮግራሞች በብዙ ሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚሠሩት በመሐል በተዘረጋላቸው ድልድይ በኩል ነው።

ሁለተኛው፣ አስተርጓሚው የሚያዳምጠው ቋንቋ ለሰው የተጻፈ መሆኑ ነው። ዲዲዲ የተሠራው የጂዲቢን መልስ ሰው እንደሚያነበው አድርጎ እንዲያነብ ነው። የጂዲቢ ሠሪዎች ለሰው እንዲመች ብለው አንዱን ዐረፍተ ነገር ባሻሻሉ ጊዜ፣ አስተርጓሚው ቃሉን ይስታል። ይህንኑ ለማስቀረት ጂዲቢ ለፕሮግራሞች ብቻ የተዘጋጀ ሌላ የመነጋገሪያ ሥርዐት ተበጅቶለታል፤ ነገር ግን አሮጌውን ቤት ወደ አዲሱ መሠረት ማዛወር ቀላል ሥራ አይደለም።

ሦስተኛው፣ የወዳጅ ብዛት ነው። ዲዲዲ በጉብዝናው ዘመን ከጂዲቢ ሌላ ብዙ ዲበገሮችን ያስተናግድ ነበር። የዲጂታል ኩባንያው ላዲበግና የሂውሌት ፓካርዱ ኤክስዲቢ ከነዚያ መካከል ናቸው። ዲጂታል በ1998 ለኮምፓክ ተሸጠ፤ ኮምፓክም በ2002 ከሂውሌት ፓካርድ ጋር ተቀላቀለ። መኪናዎቹ ከገበያ ወጥተው ሳለ፣ ለነርሱ ተብሎ የተጻፈው የፕሮግራም ክፍል የሚቀረው ለጠጋኙ ሸክም ሆኖ ነው። ከነዚህ ሁሉ የተነሣ በ2009 ከወጣው 3.3.12 ቁጥር በኋላ፣ 3.4.0 ቁጥር የተሰጠው ቅጽ በ2023 እስኪወጣ ድረስ 14 ዓመት ያህል አለፈ።

መስኮቱ ይዘጋ የሚሉት ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም፤ በቅንነት ሊሰማ ይገባዋል። በ2015 ለሕዝብ የቀረበው የማይክሮሶፍት ቪዡዋል ስቱዲዮ ኮድና እርሱን የመሰሉት መሣሪያዎች፣ መጻፊያውንም ስሕተት መፈለጊያውንም በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ከዚሁ ወገን የመጣውን የዲበገር መነጋገሪያ ሥርዐት በታኅሣሥ 2023 የወጣው ጂዲቢ 14 ራሱ በውስጡ ተቀብሎታል። እንግዲህ መንገዱ በሌላ በኩል ከተጠረገ፣ አሮጌውን መንገድ በድንጋይ መሙላት ስለ ምን ያስፈልጋል? የጠጋኝ ጊዜ እንደ ማንኛውም ሀብት ውሱን ነው። በዚህ መስኮት ላይ የዋለች ሰዓት በሌላ በሚያስፈልግ ነገር ላይ ሳትውል የቀረች ሰዓት ናት። ለናፍቆት ተብሎ የሚወጣ ወጪ ወጪ መሆኑ አይቀርም።

ለዚህ ክርክር ማስረጃ የሚሆን የኢንሳይት ታሪክ አለ። ኢንሳይት የሲግነስ ኩባንያ ሰዎች ለጂዲቢ የሠሩት ሌላ መስኮት ነበር፤ ኩባንያውም በኋላ ለሬድ ሃት ተሸጠ። ሠሪዎቹ መስኮቱን ከጂዲቢ ጋር በውጭ ከማነጋገር ይልቅ በውስጡ አጣብቀው ሠሩት። ከዚህ የተነሣ የጂዲቢ ሆድ ዕቃ በተለወጠ ቁጥር መስኮቱም አብሮ መታረም ነበረበት። የሚያርመው እጅ ሲያንስ፣ ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ከዕቃዎቹ ዝርዝር አስወጣው። መልካም የነበረ ሥራ ጥቅም በማጣቱ ሳይሆን የጥገናው ዋጋ ከአቅም በላይ በመሆኑ እንዴት እንደሚጠፋ ይህ ያሳያል።

የሆነ ሆኖ፣ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትክክለኛ መደምደሚያ መስኮቱ ይዘጋ የሚል አይደለም። አዲሶቹ መሣሪያዎች የሚተኩት የዲዲዲን አዝራሮች ነው፤ የሥዕሉን ጥበብ ግን ዋና ዓላማቸው አላደረጉትም። መረጃን በሣጥንና በቀስት ማሳየት በአንዳንዶቹ ላይ ተቀጥላ ሆኖ ሲገኝ፣ በዲዲዲ ዘንድ ግን የቤቱ ምሰሶ ነው። ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያያዘ ዝርዝር ወይም ዛፍ መሰል የመረጃ አቀማመጥ ሲማር፣ መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሚሥልለት ይህንኑ ነው። የገዛ ፕሮግራሙን እየሮጠ ሳለ በዚያው ሥዕል ማየት መቻሉ የወር ድካም ሊያድነው ይችላል።

ከዚህም ሌላ የጥቂቶች መጠቀም ብቻውን የመዝጊያ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ዲበገር የሚጠቀሙት ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱ በሚያቀኑት ፕሮግራም የሚገለገሉት ግን እልፍ ናቸው። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ማይክሮሜትር የሚይዘው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያ ሰው የለካው ክፍል ግን ለሺህ መኪናዎች ይገባል። የመሣሪያን ዋጋ በጨበጡት እጆች ቁጥር ብቻ የሚመዝን ሰው ስሕተት ይመዝናል። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባችው ላዳ ታክሲ ለብዙ ዓመታት ያገለገለችው፣ ከሌሎቹ መኪናዎች የበለጠች ሆና ሳይሆን፣ ጠባይዋን የሚያውቅ መካኒክና መለዋወጫ ዕቃ ስላልታጣላት ነው። የአንድ መሣሪያ ዕድሜ የሚወሰነው በተሠራበት ዓመት ብቻ አይደለም፤ በሚያውቁት ሰዎች ብዛትም ነው።

ስለዚህ መስኮቱ ይጠገን፤ ነገር ግን ሸክሙ ይቃለልለት። መጀመሪያ፣ የደረቁት ቅርንጫፎች ይቆረጡ። በገበያ ላይ ለሌሉ መኪናዎችና ለሞቱ ዲበገሮች የተጻፈው ክፍል መውጣት አለበት፤ ማንም የማይገባበትን ክፍል የሚያጸዳ ሰው ጣራው የሚያፈስበትን ክፍል ሳያይ ይቀራልና። ሁለተኛ፣ መስኮቱ ለሰው የተጻፈውን ቃል በግምት ማንበቡን ትቶ፣ ለፕሮግራሞች ወደ ተዘጋጀው መነጋገሪያ ቀስ በቀስ ይዛወር። ቤቱን በአንድ ቀን አፍርሶ አዲስ መሥራት የብዙ ፕሮግራሞች መቃብር ሆኗል፤ ስለዚህ አንዱ ክፍል አልቆ ሰው ሳይገባበት ሌላው አይፍረስ። ሦስተኛ፣ አዲስ ጌጥ አይጨመርበት። የቀረው አቅም ሁሉ ከዋናው ጥበብ፣ ይኸውም መረጃን በሥዕል ከማሳየቱ ላይ ይዋል። ሌሎች የተሻለ አድርገው የሚሠሩትን ለሌሎች መተው ውርደት አይደለም፤ በንግድም ቢሆን በሁሉም ዕቃ ከመወዳደር በአንዱ መታወቅ ይሻላል።

ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ጥገናውን ማን ይክፈል የሚለው ነው። በነጻ የሚሰጥ ፕሮግራም ያለ ወጪ የሚኖር ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ወጪውን ጠጋኙ ከዕረፍቱና ከእንቅልፉ ይከፍላል። ይህ ሁኔታ ለከፋዩ ብቻ ሳይሆን ለተጠቃሚውም አደገኛ መሆኑን ሁለት ነገሮች አስረድተዋል። በሚያዝያ 2014 ኸርትብሊድ የተባለው ስሕተት ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው ምስጢር መጠበቂያ ፕሮግራም ውስጥ ተገኘ። የዓለም ንግድ የሚታመንበትን ይህን ፕሮግራም የሚጠብቁት እጅግ ጥቂት ሰዎች መሆናቸው ያን ጊዜ ለሁሉ ተገለጠ። የሊኑክስ ፋውንዴሽንም በዚያው ወር ጉግልን፣ ማይክሮሶፍትንና አይቢኤምን የመሳሰሉትን ኩባንያዎች አስተባብሮ ገንዘብ የሚዋጣበት ማኅበር አቋቋመ። በመጋቢት 2024 ደግሞ ኤክስዜድ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ የሌባ በር ተገኘ። በሩን ያስገባው ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በረዳትነት ስም ቀርቦ፣ ብቻውን ደክሞ የነበረውን ጠጋኝ እምነት ያገኘ ነበር። ጠባቂው ብቻውን የደከመበት ቤት ቁልፉን ለማን እንደሚሰጥ ለመምረጥ ጊዜ አያገኝም።

የዲበገር መስኮት እንደነዚህ ያለ ታላቅ አደጋ የሚያመጣ ባይሆንም፣ የጉዳዩ ሥር አንድ ነው። በአንድ መሣሪያ የሚያተርፉ ሁሉ ለመሣሪያው ኑሮ ጥቂት ቢያዋጡ ማንም አይጎዳም፤ ሁሉም ዝም ያሉ እንደ ሆነ ግን መሣሪያው ይሞታል። የዕድር ሥርዐት ይህን ለኢትዮጵያውያን አስቀድሞ አስተምሯል። ማንም ሰው ሐዘን ከደረሰበት በኋላ ዕድር አይገባም፤ በደኅናው ቀን በየወሩ የሚከፈለው ጥቂት ብር ነው በክፉው ቀን ድንኳኑን የሚተክለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ ከአንድ ትልቅ ለጋስ ይልቅ የብዙ ትንንሽ ተጠቃሚዎች የዘወትር መዋጮ ለእንደዚህ ያለ ሥራ ይበልጥ ይጸናል። መዋጮውም የግድ ገንዘብ መሆን የለበትም። ስሕተትን አጥርቶ ጽፎ መላክ፣ አዲሱን ቅጽ ከመውጣቱ በፊት መሞከር፣ መመሪያውን ማረም፣ እነዚህ ሁሉ ከጠጋኙ ትከሻ ላይ ሸክም ያነሣሉ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ፈቃደኛ የታጣ እንደ ሆነስ? ያን ጊዜ መዝጋት ይገባል፤ አዘጋጉም እንደ ንግድ ቤት አዘጋግ በሥርዐት ይሁን። የሚዘጋበት ቀን አስቀድሞ ይነገር፤ ተጠቃሚው ወዴት እንደሚሄድ ይመልከት፤ የመጨረሻው ቅጽና የምንጩ ጽሑፍ ሁሉም ሊያገኘው በሚችል ስፍራ ይቀመጥ። ዲዲዲ በግኑ የሕዝብ ፈቃድ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ቢዘጋ እንኳ ነገ የሚፈልገው ሰው አንሥቶ ሊቀጥለው ሕጉ ይፈቅድለታል። በዚህ ዐይነት የተዘጋ በር ቁልፉ አይጠፋም። ከሁሉ የከፋው ግን መዝጋትም መጠገንም ሳይሆን፣ በሩ ክፍት ሆኖ ባለቤቱ መጥፋቱ ነው። ተጠቃሚው ጠጋኝ ያለ መስሎት ሥራውን በመሣሪያው ላይ ይመሠርታል፤ መሣሪያውም በሰበረው ቀን የሚጮኽበት ሰው ያጣል። ቁርጡን የተነገረው ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በተስፋ የተያዘ ሰው ግን ጊዜውንም ገንዘቡንም ያጣል።

ከዚህ ምሳሌ የሚገኘው ትምህርት ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ብቻ የሚሆን አይደለም። የመደብሩን የዕቃ መዝገብ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ወይም የደንበኛውን ሒሳብ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም አደራ የሚሰጥ ነጋዴ ሁሉ ይመለከተዋል። ፕሮግራም ሊገዛ ወይም ሊያሠራ የተነሣ ነጋዴ ዋጋውን ከጠየቀ በኋላ ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችን ይጨምር። ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን የሚጠግነው ማን ነው? የጥገናው ወጪ በዓመት ስንት ነው? ሠሪው ቢተወው የምንጩ ጽሑፍና የመዝገቤ መረጃ በእጄ ይገባልን? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያልተጻፈበት ውል ግማሹ የቀረ ውል ነው። መኪና የሚገዛ ሰው መለዋወጫው በመርካቶ መኖሩን ሳያጣራ ገንዘቡን እንደማይቆጥር ሁሉ፣ ፕሮግራም የሚገዛም ጠጋኙን ሳያይ መፈረም አይገባውም።

የዲዲዲ መስኮት ከ14 ዓመት ዝምታ በኋላ አዲስ ቅጽ ማግኘቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ምስጋና የጥገና ወጪ አይሸፍንም። የሚጠገነው ጠባብ ሆኖ፣ ጠጋኙ ተረድቶ፣ ተጠቃሚውም እውነቱን አውቆ እንደ ሆነ፣ መስኮቱ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ሦስቱ ካልተሟሉ ግን ቀኑ ተቆርጦ በክብር ይዘጋ።